ያልተጠየቀ ድሃ አይቆጠርም

አገራችንን የሚገዙ ሰዎች ስማቸውን ይለዋውጡ እንጂ አንድ የማይለወጥ ልማድ አላቸው። ስለ ረሃብ ሲጠየቁ በአማካይ ምርት ይመልሳሉ። ስለ ድህነት ሲጠየቁ በአማካይ ገቢ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት ሲጠየቁም በአማካይ የሞት መጠን ይመልሳሉ። ትናንት ኢሕአዴግ ሲያደርገው የነበረውን ዛሬ ብልጽግና ፓርቲ ሳያፍር ይደግመዋል። በውጭ አገር የምንኖር ተቃዋሚዎችስ? የእኛም መልስ የታወቀ ነው። "ቁጥሩ ውሸት ነው!" ብለን እንጮኻለን፤ በማግስቱ ደግሞ ከዚያው ሪፖርት የሚመቸንን መስመር መዝዘን አገዛዙን እንከስበታለን። ሁለቱም ወገኖች የማያደርጉት አንድ ነገር ቢኖር፣ ቁጥሩን የወለደውን ጥያቄ ገልጦ ማንበብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐኪም አይደለም፤ ዕድሜውን በመሐንዲስነት ሠርቶ በጡረታ የተቀመጠ ሰው ነው። መሐንዲስ ግን ስለ መለኪያ አንድ ነገር ያውቃል። የከተማ ውሃ መስመር ላይ የግፊት መለኪያውን ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ብትገጥሙት፣ ሁልጊዜ "ግፊቱ ደህና ነው" ይላችኋል። በመስመሩ ጫፍ ያለው ሰፈር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጠብታ ውሃ አላየም ይሆናል። መለኪያው አልዋሸም። የተተከለው ውሃው ከሚጠፋበት ቦታ ርቆ ነው። የጥናት መጠይቅም እንዲሁ መለኪያ ነው። የድሃውን ሕመም ማየት የምንችለው ጥያቄው ድሃው ዘንድ ከተተከለ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው በአገራችን ከሚታወቁት የጤና መረጃዎች ሁሉ የተሻለውን ነው። ይኸውም በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ አማካይነት በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከቀበሌ ተነሥቶ እስከ ሚኒስትር ድረስ እያበጠ የሚወጣውን የኮታ ሪፖርትማ መተቸት ጊዜ ማባከን ነው። የተሻለው መለኪያ እንኳ ምን እንደማያይ ካወቅን፣ ስለ ቀሪው አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። በዚህ ጥናት መሠረት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ከ1000 ውስጥ 166 ነበሩ። በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። ይህን መካድ በየገጠሩ የለፉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት መካድ ነው። ነገር ግን ገጹን ገልብጡት። ያው የ2016 ሪፖርት በክልል ሲዘረዘር (በክልል ሲሆን ስሌቱ የአሥር ዓመት ነው) አዲስ አበባ 39፣ አፋር 125 ይላል። የአፋር ሕፃን የመሞት ዕጣው ከአዲስ አበባው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በጤና ተቋም መውለድን ብትመለከቱ ደግሞ በአዲስ አበባ ከ100 ወሊድ 97፣ በአፋር 15 ነው። አገራዊው አማካይ 26 ነው። ይህ 26 የሚባለው ቁጥር አዲስ አበባን አይመስል፣ አፋርንም አይመስል፤ በየትኛውም ቤት የማይኖር ቁጥር ነው። ሹሙ ግን መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣው እሱን ነው።

ይህንኑ ልዩነት እንኳ ያየነው ጥያቄው ስለፈቀደልን ነው። ጥያቄው የማይፈቅድበትን እንመልከት።

አንደኛ፦ ዝርዝሩ ሲያጥር ችግሩ ይቀንሳል

የ2011ን እና የ2016ን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች፣ ታመው ሕክምና ሲፈልጉ የሚያግዳቸው ነገር "ትልቅ ችግር" ነው ወይስ አይደለም ብለው ይጠይቃሉ። በ2011 ቢያንስ አንድ ትልቅ ችግር አለብኝ ያሉት ከ100 ሴቶች 94 ነበሩ። በ2016 ወደ 70 ወረዱ። በአምስት ዓመት 24 ነጥብ! ለካድሬ ከዚህ የበለጠ የድል ዜና ከየት ይገኛል?

አሁን መጠይቁን ግለጡ። የ2011 ዝርዝር ረጅም ነበር። ትራንስፖርት መያዝን፣ "ባለሙያ አይኖር ይሆን?"፣ "መድኃኒት አይኖር ይሆን?" የሚሉትን ስጋቶች ሁሉ ይጨምር ነበር። በ2016 አራት ብቻ ቀሩ፤ ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት፣ ገንዘብ፣ ርቀት፣ ብቻዋን መሄድ አለመፈለጓ። በ2011 ከፍተኛውን ቁጥር ያገኘው ግን የትራንስፖርት ችግር ነበር፤ ከ100 ሴቶች 71ዱ ጠቅሰውታል። ከመጠይቁ ላይ ሲሰረዝ መንገዱ አልተሠራም፤ አውቶቡሱም አልመጣም። የጠፋው ጥያቄው ብቻ ነው።

በእርግጥ ተንኮል ነው አልልም። በየአገሩ የሚሠራበት መጠይቅ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተብሎ ማጠሩን እረዳለሁ። ያም ሆኖ እውነተኛው ንጽጽር ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ለየብቻ ማነጻጸር ነው። ገንዘብ ከ68 ወደ 55 ወርዷል፤ ርቀት ከ66 ወደ 50 ወርዷል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን 24 ነጥብ አይደለም። ደግሞ "ትልቅ" የምትለዋን ቃል አስተውሉ። ውሃ ለመቅዳት በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምትጓዝ ሴት፣ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን "ትልቅ ችግር" ትለዋለች? ለእሷ የኑሮ ልክ ነው። የከተማዋ ሴት ግን ታክሲ ሃያ ደቂቃ ቢያስጠብቃት ትልቅ ችግር ነው ልትል ትችላለች፤ እውነቷንም ነው። እንዲህ ባለ ጥያቄ የሁለቱ ሴቶች ልዩነት ይጠባል እንጂ አይሰፋም።

ሁለተኛ፦ የቆርቆሮ ቤት "ሀብታም"

ጥናቱ ሰውን በአምስት እኩል የሀብት መደብ ይከፍላል። ታዲያ ገቢው ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ገበሬ ደሞዝ የለውም፤ ነጋዴም ገቢውን አይናገርም። ስለዚህ ፊልመርና ፕሪቸት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሕንድ መረጃ ሠርተው በ2001 ያሳተሙት ዘዴ ተስፋፋ። መብራት አለ? ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ አለ? ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ? ሽንት ቤቱ ምን ዓይነት ነው? ለእያንዳንዱ መልስ ክብደት ተሰጥቶት ይደመራል። ብልህ ዘዴ ነው፤ አላናንቀውም። ከብት፣ ፍየልና ግመልም ይጠየቃል።

ውጤቱን ግን እዩ። በአዲስ አበባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው "ከፍተኛው የሀብት መደብ" ውስጥ ይወድቃል። በአፋርና በሶማሌ ክልል አብዛኛው ሕዝብ ዝቅተኛው ውስጥ ነው። በአንድ የቀበሌ ቤት ሰባት ሆነው የሚያድሩ፣ አንድ ሽንት ቤት ከስድስት ጎረቤት ጋር የሚጋሩ፣ መብራት ከጎረቤት ስበው አሮጌ ቴሌቪዥን የሚያዩ ቤተሰቦች ከቦሌው ባለ ፎቅ ጋር በአንድ መደብ ተቀምጠዋል። የኪራይ ዕዳ የለም ወይ? ትናንት ማታ እራት በላችሁ ወይ? የሚል መስመር በሀብት መለኪያው ውስጥ የለም። እንግዲህ የከተማው ድሃ ከሀብታሙ ጋር አንድ ላይ ከተመደበ፣ በመካከላቸው ያለውን የጤና ልዩነት ማን ሊያየው ነው? አገዛዙ ሰፈር አፍርሶ ድሃውን ወደ ከተማ ዳር ሲገፋው ጤናው ላይ የደረሰውን ጉዳት በዚህ መለኪያ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሦስተኛ፦ የሟቿ እህት ምስክርነት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ከየት ይመጣል? በገጠር ሞት አይመዘገብም። ስለዚህ በሕይወት ያለችው ሴት ስለ እህቶቿ ትጠየቃለች። ስንት እህቶች ነበሩሽ? የሞተች አለች? ስትሞት እርጉዝ ነበረች? በወሊድ ላይ ነበረች? ወይስ ከወለደች በሁለት ወር ውስጥ ነው? ከዚህ ተነሥቶ በ100,000 በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ በ2000 871፣ በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 412 ተብሏል።

መሐንዲስ ቁጥር ሲሰጡት መጀመሪያ የሚጠይቀው የስህተት ወሰኑን ነው። የ2011ዱ 676 ከ541 እስከ 810፣ የ2016ቱ 412 ደግሞ ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ወሰኖች ጫፋቸው ይነካካል። ቀንሷል ማለት ያስኬዳል፤ "በዚህን ያህል በመቶ ቀነስን" ብሎ ከበሮ መምታት ግን አያስኬድም።

የስህተት ወሰኑ እንኳ ቀላሉ ነው። ጥያቄው የሚነግረን የጠያቂዋን መላሽ፣ ማለትም በሕይወት ያለችውን እህት ኑሮ ነው። የሟቿን አይነግረንም። ሟቿ ድሃ ነበረች? ከየትኛው ወረዳ ነበረች? ባሏ ማን ነበር? በስንት ሰዓት መንገድ ላይ ደማ ሞተች? አይጠየቅም። በዚህም ምክንያት የሕፃናት ሞት በሀብት መደብና በክልል ሲዘረዘር የእናቶች ሞት አንድ አገራዊ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። በአገራችን ካሉት ልዩነቶች ሁሉ የከፋው፣ ሕይወት ስትሰጥ ማን እንደምትሞት የሚለው፣ በመለኪያው አሠራር ምክንያት የማይታይ ነው። ሳታገባ ፀንሳ፣ ደብቃ ለማስወረድ ስትሞክር የሞተችውንስ? እህቷ "በድንገት ታማ ሞተች" ብላ ነው የምታልፈው፤ ቤተሰቡም ለሁሉም ያለው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፦ "እግዚአብሔር ይመስገን"

በየአገሩ ከሚጠየቁ ጥያቄዎች አንዱ "በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?" የሚል ነው። እስቲ ይህን ለአንዲት የጎጃም ወይም የወሎ እናት አቅርቡላት። ጉልበቷ አብጦ፣ ዓይኗ እየፈዘዘ፣ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ትላለች፤ ወይም "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። በእኛ ባህል ይህ ሰላምታ ነው እንጂ የሕክምና መረጃ አይደለም። አሜሪካዊው ግን ዶክተሩ የነገረውን የደም ግፊትና የስኳር ቁጥር ሁሉ ዘርዝሮ ይነግራችኋል።

የኖቤል ተሸላሚው አማርትያ ሴን በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ይህን በሕንድ አሳይቷል። ረጅም ዕድሜ የሚኖርበት፣ ትምህርትና ሕክምና የተስፋፋበት የኬራላ ግዛት ሕዝብ ከሁሉ በላይ "ታምሜያለሁ" ይላል። ድሃው የቢሃር ሕዝብ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሕመም ያስታውቃል። አሜሪካ ከኬራላም በላይ ናት። ሕክምና ያላየ ሰው ሕመሙን እንደ ዕጣ ፈንታው ይቀበለዋል። እንግዲህ የሰውን ቃል ብቻ ይዘን ብንፈርድ፣ በጣም የተበደለው በጣም ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ነው!

አምስተኛ፦ በየትኛው ቋንቋ? የትኛው ቤት?

የ2016 መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተተርጉሟል። ወደ አፋርኛና ወደ ሶማሊኛ አልተተረጎመም። የሕፃናት ሞት ከፍተኛ የሆነበት ክልል ሴት የተጠየቀችው በቋንቋዋ በተጻፈ ጥያቄ አልነበረም ማለት ነው። ትርጉሙ በመረጃ ሰብሳቢው ምላስ ላይ ወደቀ። "ተቅማጥ" ወይም "ፅንስ መጨንገፍ" የሚሉት ቃላት ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገሩ ምን እንደሚሆኑ አንባቢ ይገምት።

ደግሞ ሁሉም ቦታ አልተደረሰም። በ2011 በሶማሌ ክልል ከተመረጡት 65 የቆጠራ ቦታዎች በ18ቱ በድርቅ፣ በጸጥታና በመሳሰለው ምክንያት ቃለ መጠይቅ አልተደረገም፤ 10ሩ ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ከነጭራሹ አልተመዘገቡም። ሪፖርቱ ይህን በሐቀኝነት ገልጿል። አስከትሎም ያልተካተተው ሕዝብ ከአገሪቱ ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ አገራዊው ቁጥር አይነካም ይላል። በሒሳብ ትክክል ነው። በሰውነት ሚዛን ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ድርቅና ጦርነት ያለበት ሕዝብ ቢቀር አማካዩ ቅንጣት አይነቃነቅም ማለት ነው! ከዚያ ወዲህም በ2021/22 የተካሄደው ብሔራዊ የኑሮ ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም። ይህ ጥናት ቤት ለቤት የሚደረግ ስለሆነ ጎዳና ላይ የሚያድረው፣ እስር ቤት ያለው፣ ገዳም ያለው አይጠየቅም። ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው እህታችንም የለችበትም፤ ትናንት ማታ ያደረችው እዚያ ነውና። የናሙናው መሠረት የሆነው የሕዝብ ቆጠራ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2007 ነው። በ2017 ይካሄዳል የተባለው ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ቆይቶ በ2019 እንደገና ተራዘመ።

በእኛ ላይስ?

ይህ የአገር ቤት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዓመታት በጤና መረጃ ውስጥ ስውር ነን። ትናንት ከቦሌ አየር ማረፊያ የተነሣው ታክሲ ነጂና ቅድመ አያቶቹ በጆርጂያ በባርነት የማቀቁት ሰው "ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ" በሚል አንድ ሳጥን ይደመራሉ። ጉዳቱ ለሁለቱም ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ በመጣ ስደተኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ሄፓታይተስ ቢ በብዙኃኑ አማካይ ውስጥ ይሰወራል። ስደተኛው በአንዳንድ መለኪያ የተሻለ ጤና ይዞ መምጣቱ ደግሞ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የደረሰውን ግፍ በወረቀት ላይ ያለዝበዋል።

በመጋቢት 2024 የአሜሪካ መንግሥት የዘር አመዘጋገብ ደንቡን ሲያሻሽል፣ በጥቁር ምድብ ሥር ሊቀርቡ ከሚገባቸው ስድስት ንዑስ ሳጥኖች አንዱ "ኢትዮጵያዊ" የሚል ሆነ። ተፈጻሚነቱ ለዓመታት የተዘረጋ በመሆኑ ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰላማዊ ሰልፍ ስንወጣ ያለንን ጉልበት ያህል ባይሆን እንኳ ግማሹን ለዚህች ሳጥን ብናውል፣ የልጆቻችንን ሕመም የሚያይ መረጃ ይኖረን ነበር።

ምን ይደረግ?

ነገሩ አጣዳፊ ነው። እነዚህን ጥናቶች በየአገሩ ከ1984 ጀምሮ ሲደግፍ የኖረው መርሐ ግብር፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 መጀመሪያ የዩኤስኤይድን ገንዘብ ሲያቋርጥ ቆሟል። በኋላ ከሌላ ወገን የመሸጋገሪያ ገንዘብ ተገኝቶ በከፊል ቢያንሠራራም፣ የቀድሞው ዋስትና የለም። እስከ ዛሬ የምንተቸው መለኪያ ጉድለት ቢኖረውም የራሱን ጉድለት በአባሪው የሚጽፍ መለኪያ ነበር። እሱ ከጠፋ የሚቀረን ጠያቂውም፣ መላሹም፣ አጨብጫቢውም አገዛዙ ራሱ የሆነበት ሪፖርት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። መጠይቁ በተጠያቂው ቋንቋ ተጽፎ ለሕዝብ ይታተም። ማንኛውም አማካይ ከነልዩነቱና ከነስህተት ወሰኑ ይነገር። ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው ጥያቄ ሲቀነስ ንጽጽሩ እንደማይሠራ ከሠንጠረዡ ሥር ይጻፍ። የእያንዳንዷ እናት ሞት ከነአድራሻዋና ከነኑሮዋ ይመዝገብ፤ እህቷ በስንት ዓመቷ እስክትጠየቅ አይጠበቅ። ተፈናቃዩና ጎዳና አዳሪው ለብቻው ይጠና። ጥሬ መረጃውም ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ይሁን።

ለእኛም የቤት ሥራ አለን። ከእንግዲህ ሪፖርት ሲወጣ ከኋላ ጀምረን እናንብበው። መጠይቁ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፤ የስህተቱ ወሰንም እዚያው አባሪ ውስጥ ነው። የሚኒስትሩ መግቢያ ከፊት ነው፤ እሱ ይቆየን። "ውሸት ነው" ብሎ መጮህ ለአገዛዙ አይከብደውም፤ ለምዶታል። "ለአፋሯ ሴት ይህን በየትኛው ቋንቋ ጠየቃችኋት? የትራንስፖርቱን ጥያቄ ለምን አወጣችሁት?" ብሎ ገጽ ጠቅሶ የሚጠይቅ ተቃዋሚ ግን ገና አልገጠመውም።

ቸር ይግጠመን።